«አይንኩ» ልል «አይነኩም» ብዬ ቀረሁ፦ በስፓኒሽ እንዴት ይከለከላል?

አስጎብኚው (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጎንደር ላይ እንግዳ በማስጎብኘት የምተዳደር ሰው ነኝ። እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ጠጥቼዋለሁ፤ በፈረንሳይኛም ቢሆን አፍሬ አላውቅም። ስፓኒሽን ግን የጀመርኩት ዘንድሮ ነው፤ ያውም በስልኬ፣ ማታ ማታ፣ መብራት ካለ።

ያስጀመረኝ ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ከስፔን የሚመጡት እንግዶች የፋሲልን ግንብ ባዩ ቁጥር «ይህን የሠራው የእኛ ሰው ነው ወይ?» ይሉኛል። ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1564 ማድሪድ አጠገብ የተወለደ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው፤ በ1603 አገራችን ገብቶ በ1622 ጎርጎራ ላይ አረፈ። ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት ደግሞ በ1636 ነው። ስለዚህ ሰውየው ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ መነሣት ነበረበት ማለት ነው። ይህን ቀልድ በእንግሊዝኛ ስናገረው ይቀዘቅዛል፤ በራሳቸው ቋንቋ ልንገራቸው ብዬ ተነሣሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ጥቂት የስፔን እንግዶችን ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባሁ። እንደምታውቁት ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሞልቷል፤ ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ዝም ብሏል። አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ግን ጣሪያውን ትተው ወደ ግድግዳው ሥዕል ተጠጉ። ጣታቸው ተዘረጋ። ከሥዕሉ የቀረው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። እኔም ያጠናሁትን አስታውሼ፣ በትሕትና ድምፅ፣ «ኖ ቶካን ላስ ፒንቱራስ» አልኩ። «ሥዕሎቹን አይንኩ» ማለቴ ነው።

ሴትዮዋ ፈገግ ብለው «ሲ፣ ክላሮ፣ ኖ ቶካሞስ» አሉኝ። «አዎ፣ እንዴታ፣ አንነካም» ማለት ነው። ጣታቸው ግን ያው እዚያው ነው!

ይህን ጊዜ ከኋላ ያሉት የጥበቃ አባት መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አድርገው «እሜቴ፣ አይንኩ!» አሉ። ሴትዮዋ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። እንግዲህ ፍረዱ፤ በአማርኛ የተነገራቸው ገባቸው፣ በስፓኒሽ የነገርኳቸው አልገባቸውም።

ማታ ስልኬን ስከፍተው ትክክሉ «ኖ ቶኬን» ነው ይለኛል። ይህ «ኤ» ከየት መጣ? ግሡ «ቶካር» አይደለም እንዴ? እሺ ብዬ ወደ «ኮሜር» (መብላት) ስሄድ ደግሞ «ኖ ኮማን» ሆኖ «አ» ይዞ ጠበቀኝ። «ኤ» የነበረበት «አ»፣ «አ» የነበረበት «ኤ»። መተግበሪያው ስሳሳት ቀይ ያሳየኛል እንጂ ምክንያቱን አይነግረኝም።

የሚያስፈልገኝ ብዙ አይደለም፦ አይንኩ፣ ፍላሽ አይጠቀሙ፣ ግንቡ ላይ አይውጡ፣ እዚህ አይብሉ፣ እና በፋሲል መዋኛ ግንቡን አቅፈው የወረዱትን የዛፍ ሥሮች አይርገጡ። ለጥምቀት አንድ የስፔን ቡድን ይዣለሁና ከዚያ በፊት የሚያስረዳኝ ካለ። መደበኛ ግሦቹን ብቻ፤ አፈንጋጮቹን እግዜር ያቆየን።

የኩባ ተመላሽ (አዘዞ)

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ምን ሆነ ብላ ከጓዳ ወጣች።

ሴትዮዋ አልተሳሳተችም። አንተ ትእዛዝ አልሰጠሃትም፤ ወሬ ነገርካት። «ኖ ቶካን» ማለት «አይነኩም» ማለት ነው። እሷም «ልክ ነህ፣ አንነካም» አለችህ። ወሬ ለነገራት ሰው ከዚህ ሌላ ምን ትበል?

እኔ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነኝ። ያደግነው ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ በምትባል ደሴት ላይ ነው፤ ትርጓሜዋ የወጣቶች ደሴት ነው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ። ታዲያ ስፓኒሽን የተማርኩት ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከክልከላ ነው። ገና ሰላምታ ሳናውቅ መከልከልን አወቅን። ክፍል ውስጥ «ኖ አብሌን!»፣ አትናገሩ። (ግሡ ሲጻፍ በኤች ይጀምራል፤ ኤቿ አትነበብም።) ኮሪደር ላይ «ኖ ኮራን!»፣ አትሩጡ። እርሻው ላይ ደግሞ አንድ ጢማም ተቆጣጣሪ ነበር፤ ከሩቅ «ኖ ኮማን ላስ ቶሮንሃስ ቤርዴስ!» እያለ ይመጣል፤ ጥሬውን ግሬፕፍሩት አትብሉ ነው። እኛ እንበላለን። ማታ ሆዳችን ይፈርድብናል።

እነዚያን ሦስት ጩኸቶች ብቻ ብታጠናቸው ሕጉ ውስጣቸው አለ። አብላር በ«አር» ያልቃል፣ ስትከለክል «ኤ» ይይዛል፦ ኖ አብሌን። ኮሬርና ኮሜር በ«ኤር» ያልቃሉ፣ ስትከለክል «አ» ይይዛሉ፦ ኖ ኮራን፣ ኖ ኮማን። በ«ኢር» የሚያልቁትም ከኤሮቹ ጋር ያብራሉ፦ ሱቢር (መውጣት)፣ ኖ ሱባን። ሁለት ጎረቤታሞች ለቅሶ ቤት ጋቢ ተሳስተው ለብሰው እንደወጡ ቁጠረው፤ የአንዱን ጋቢ ሌላው ትከሻ ላይ ካየህ ክልከላ ነው።

አሠራሩን በወግ ለማወቅ ከፈለግህ ከ«እኔ» ተነሣ። «እነካለሁ» ሲሉ «ቶኮ» ይላሉ። የመጨረሻዋን «ኦ» ጣልና አናባቢውን ቀይረህ ቀጥል። ለአንተና ለአንቺ መጨረሻው ላይ «ስ»፦ ኖ ቶኬስ፣ ኖ ኮማስ፣ ኖ ሱባስ። ለአንድ አንቱ ምንም ሳትጨምር፦ ኖ ቶኬ፣ ኖ ኮማ፣ ኖ ሱባ። ለብዙ ሰው «ን»፦ ኖ ቶኬን፣ ኖ ኮማን፣ ኖ ሱባን። ከ«እኔ» መነሣቱ ለመደበኛዎቹ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ አፈንጋጮቹ ጋር ስትደርስ ግን ታመሰግነኛለህ።

አሁን ለአንተ ሥራ የሚጠቅመውን ልንገርህ። ለአንድ ወዳጅህ «ንካ» ስትል «ቶካ» ነው፣ «አትንካ» ስትል ግን «ኖ ቶኬስ»፤ ሁለት የተለያየ መልክ ማጥናት አለብህ። ለብዙ ሰው በአክብሮት ስትናገር ግን ስታዝዝም «ቶኬን»፣ ስትከለክልም «ኖ ቶኬን» ነው። መልኩ አንድ ነው፤ «ኖ»ን ከፊቱ ታስቀምጣለህ፣ አለቀ። አንተ ደግሞ የምታናግረው ብዙ ሰው ነው፣ እንግዳ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ያንን አንዱን ረድፍ ያዝና ሌላውን ለቀኑ ተወው።

የጠየቅኸው ይኸውልህ፦ ኖ ቶኬን ላስ ፒንቱራስ። ኖ ኡሴን ኤል ፍላሽ። ኖ ሱባን አል ሙሮ። ኖ ኮማን አኪ። ኖ ፒሴን ላስ ራይሴስ፤ ይህ የመጨረሻው የዛፍ ሥሮቹን አይርገጡ ነው። ከኋላ «ፖር ፋቦር» ብትጨምር አትጎዳም።

ምናልባት ስትጽፈው ግራ እንዳይገባህ፦ «ቶካር» በሲ ይጻፋል፣ «ቶኬን» ግን በኪውና በዩ። ሲ ከ«ኤ» ፊት ከቆመች ድምጿ ከ«ክ» ይወጣልና ነው። «ፓጋር» (መክፈል) ላይም «ፓጌን» ስትል ከጂ ቀጥሎ ዩ ታስገባለህ። ፊደሉ የሚለወጠው ድምፁ እንዳይለወጥ ነው እንጂ ግሡ አፈንግጦ አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ለአስተማሪዬ የጻፍኩት ደብዳቤ በቀይ ብዕር ታርዶ ተመለሰልኝ።

የአማርኛ መምህርት (ማራኪ)

ስፓኒሽ አላውቅም። ነገር ግን «ይህ ኤ ከየት መጣ?» የሚለውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንድሜ፣ የራስህን «ት» ጠይቀሃት ታውቃለህ? ስታዝዝ «ንካ» ትላለህ። ስትከለክል «አልንካ» አትልም፤ «አትንካ» ትላለህ። «ንካ» ላይ ያልነበረችው «ት» ከየት ብቅ አለች? «አትነካም» እና «አትንካ»ንስ ተመልከታቸው። የመጀመሪያው ወሬ ነው፣ ሁለተኛው ክልከላ። «ነ» ወደ «ን» ወረደች፣ መጨረሻዋ «ም» ተነቀለች፣ ትርጉሙ ተገለበጠ። የውጭ አገር ሰዎች አማርኛ ሳስተምር ይህቺ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚወድቁ ብነግርህ ሴትዮዋን ይቅርታ ትጠይቃለህ።

የአዘዞው አባት ስለ አክብሮቱ የጻፉት ደግሞ በጣም ነው የደነቀኝ። እኛስ? ለአንተ «ንካ» ብለን «አትንካ» እንላለን፤ መልኩ ይቀየራል። ለአንቱ ግን «ይንኩ» ብለን «አይንኩ» ነው፤ «አ» ብቻ ጨመርን። የእነሱ «ቶኬን»ና «ኖ ቶኬን» ማለት አይደለም? የእኛ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንቱታን የምንናገረው ስለ ሩቅ ሰዎች እንደምናወራ አድርገን ነው፤ «እነሱ አይንኩ» እና «አንቱ አይንኩ» አንድ ናቸው። ጌታዬ፣ እነዚያስ አክብሮታቸውን ከየት አመጡት?

የኩባ ተመላሽ (አዘዞ)

እመቤቴ፣ ከዚያው ከእኛ ሰፈር ነው የሚመስለው! «አንቱ» የሚሉት «ኡስቴድ» ነው። ድሮ «ቡዌስትራ ሜርሴድ» ይሉት ነበር፤ ክቡርነትዎ እንደማለት ነው። አፍ ላይ ሲመላለስ ተፈጭቶ ኡስቴድ ሆነ። «ክቡርነትዎ አይንኩ» ስትይ የምታወሪው ስለ ክብሩ ነው እንጂ ፊት ለፊት ስላለው ሰውዬ አይደለም። ስለዚህ ግሡ እንደ ሩቅ ሰው ይሄዳል። እኔ አርባ ዓመት ስፓኒሽ ስናገር ከ«አይንኩ» ጋር አስተያይቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ባይሆን ኖሮ ሳላውቀው ልሞት ነበር።

የቀሃ ልጅ (ማድሪድ)

ጋሼ የጻፉትን አከበርኩ፤ ነገር ግን የኩባ ስፓኒሽ ነው፤ አንድ ነገር ጎድሎታል። ስፔን ውስጥ ወዳጅ ለሆኑ ብዙ ሰዎች «ቦሶትሮስ» የሚባል አለ፤ የእኛ «እናንተ» ማለት ነው። ክልከላው «ኖ ቶኬይስ»፣ «ኖ ኮማይስ»፣ «ኖ ሱባይስ» ነው። እዚህ ማድሪድ ወጣቶችን ሰብስበህ «ኖ ቶኬን» ብትላቸው ይገባቸዋል፣ ግን ሚኒስትር ያናገራቸው ይመስላቸዋል። ከስፔን ሰዎች እንደ ጋሼ የሚናገሩት ከሞላ ጎደል ካናሪ ደሴቶች ያሉትና አንዳንድ የደቡብ ሰዎች ብቻ ናቸው።

እኔ የማስታምማቸው አንዲት የ88 ዓመት እመቤት አሉ። ቤታችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚነገረው ክልከላ ነው። እሳቸው ለእኔ «ኖ አብራስ ላ ቤንታና» ይላሉ፤ መስኮቱን አትክፈቺ፣ ብርድ ገባ። እኔ ለእሳቸው «ኖ ሴ ሌባንቴ» እላለሁ፤ አይነሡ፣ እኔ አመጣዋለሁ። እሳቸው «አንቺ» ይሉኛል፣ እኔ «አንቱ» እላቸዋለሁ፤ «አንቺ» በዪኝ ብለው ስንት ጊዜ ለመኑኝ፤ የጎንደር ልጅ አፌ እንዴት ብሎ ይታዘዝልኝ። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ በሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉኛል፦ «ኖ ቴ ፕሬኦኩፔስ።» አታስቢ፣ አይዞሽ እንደማለት ነው። ይህም ክልከላ ነው፤ ግሡ በ«አር» ያልቃል፣ «ኤ» ይዟል። እኔ ሕጉን ያጠናሁት ከዚህች ዐረፍተ ነገር ነው።

ሌላው፣ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ከፈለግህ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። «ኖ ቶካር» ብለህ ግሡን እንዳለ ጻፈው፤ እዚህም በየቦታው እንዲሁ ነው።

የኩባ ተመላሽ (አዘዞ)

ልጄ፣ ቦሶትሮስን አላጣሁትም፤ ትቼው ነው። ሥላሴ ውስጥ ቆሞ፣ መላእክት ከላይ እያዩት፣ በአንቱታ ቢናገር ማን ይቀየመዋል? ሚኒስትር መስሎ መታየት ደግሞ ለአስጎብኚ ክፉ አይደለም።

አስጎብኚው (ጎንደር፣ ፒያሳ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ጋሼም፣ መምህርትም፣ እኅቴም። ማስታወቂያው እንኳ የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ አፌ ብቻ ነው ያለኝ።

በጋሼ መንገድ ልሄድ ወስኛለሁ፤ ልጆች ካጋጠሙኝ ግን የእኅቴን እሞክራለሁ። አሁን አንድ ቦታ ላይ ተቸግሬአለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማ እንዲያወልቁ «ኪቴንሴ ሎስ ሳፓቶስ» እላለሁ፤ ይህን በቃሌ ይዤዋለሁ። አንዳንዱ ግን ከቸኮለ ገና ከግቢው መግቢያ ጀምሮ ማውለቅ ይጀምራል፤ ጠጠሩ እግሩን ይበላዋል። «እዚህ አያውልቁ» ለማለት «ኖ ኪቴንሴ ሎስ ሳፓቶስ አኪ» ብል ልክ ነኝ? ጋሼ «መልኩ አንድ ነው፣ ኖን ከፊቱ አስቀምጥ» ብለዋልና።

የኩባ ተመላሽ (አዘዞ)

ይህን ሳልነግርህ በመቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው። መልኩስ አንድ ነው፤ ነገር ግን ያቺ «ሴ» የምትባለው ጭራ ቦታ ትቀይራለች። ስታዝዝ ከኋላ ትለጠፋለች፦ ኪቴንሴ። ስትከለክል ወደ ፊት ወጥታ በ«ኖ»ና በግሡ መካከል ለብቻዋ ትቆማለች፦ ኖ ሴ ኪቴን ሎስ ሳፓቶስ አኪ። የማድሪዷ ልጅ የጻፈችውን ተመልከት፤ «ኖ ሴ ሌባንቴ»፣ «ኖ ቴ ፕሬኦኩፔስ»፤ ሁለቱም ላይ ጭራዋ ፊት ናት።

«አይንኳቸው» ስትልም እንዲሁ ነው። ሥዕሎቹን በስማቸው ካልጠራሃቸው «ኖ ላስ ቶኬን»። «ኖ ቶኬንላስ» ካልክ ይገባቸዋል፣ ግን ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። «ግድግዳውን አይደገፉ» የሚለው ላይም ትደርሳለህ፦ ኖ ሴ አፖዬን ኤን ላ ፓሬድ። ይህን አጥብቀህ ያዝ፤ አንገቱን ወደ ጣሪያው ቀና ያደረገ ሰው ሲደክመው የሚደገፈው ግድግዳውን ነው።

አስጎብኚው (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ጋሼ፣ ትናንት ሆነ!

14 ሰዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ጡረተኞች። በመጀመሪያ ግቢው መግቢያ ላይ አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብለው የጫማ ክር መፍታት ጀመሩ። «ኖ ሴ ኪቴን ሎስ ሳፓቶስ አኪ፣ ፖር ፋቦር» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ክሩን መልሰው አሰሩ። ያቺ ክር ስትታሰር ያየሁት ደስታ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል አልነበረኝም።

ውስጥ ገባን። ገና ማንም እጁን ሳይዘረጋ «ኖ ቶኬን ላስ ፒንቱራስ፤ ኖ ኡሴን ኤል ፍላሽ፤ ኖ ሴ አፖዬን ኤን ላ ፓሬድ» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። አንዱ እጁን ኪሱ ከተተ። ሁለቱ ስልካቸውን አውጥተው ፍላሹን ሲያጠፉ አየሁ። የጥበቃው አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝም አሉ፤ ሥራቸውን የቀማኋቸው ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ መዋኛው ጋ «ኖ ፒሴን ላስ ራይሴስ» ስል ግን አንዲት ሴት ፊቴን ትኩር ብለው አይተው «ፖር ኬ?» አሉኝ። ለምን? ነው። ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ መያዙን፣ ሥሩ ከተጎዳ ግንቡም እንደሚጎዳ በአማርኛ አንድ ሰዓት ላወራ እችል ነበር። በስፓኒሽ ግን አፌ ተሳሰረ። መከልከሉን አስተማራችሁኝ፤ ምክንያቱን እንዴት ልጀምረው?

የኩባ ተመላሽ (አዘዞ)

በዚያው በጠየቁህ ቃል ጀምረው። «ፖር ኬ?» ለምን ነው፤ «ፖርኬ» ደግሞ ምክንያቱም ነው። ጥያቄው መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፣ መልሱ መጀመሪያው ላይ። ቀሪውን ሐሙስ ወደ አዘዞ ብቅ ካልክ ቡና ላይ እነግርሃለሁ፤ ኖ ቴ ፕሬኦኩፔስ።